«ፖጄሊች» እና «ፖድዤምዬ»፦ ረጅም የፖላንድኛ ቃል የት ላይ ይቆረጣል?

ባዕድ ሰው የላቲኑን ፊደል አይቶ «ሎድዝ» በሚላት፣ ነዋሪዎቿ ግን «ዉች» ብለው በአንድ ትንፋሽ በሚጠሯት የፖላንድ ከተማ በኖርኩባቸው የመጀመሪያ ወራት፣ ከአንዲት በዕድሜ የገፉ አትክልት ሻጭ ድንች ገዝቼ ሒሳብ ስከፍል፣ መልሱ አልሞላ ብሏቸው «ፕዬኝጄሼኝቾግሮሹፍኬ» እንዳለኝ ጠየቁኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ ድምፅ የያዝኩት የመጨረሻዋን «ኬ» ብቻ ነበር። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ከዝርዝር ማስቀመጫቸው አንድ ሳንቲም አንሥተው ዓይኔ ሥር ያዙልኝ። የፈለጉት ባለ 50 ግሮሽ ሳንቲም ነበር፤ ግሮሽ ማለት የፖላንዱ ገንዘብ የዝዎቲ መቶኛ ክፍል ነው፣ ለእኛ ብር ሳንቲሙ እንደሆነው ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ቃሉን ፈልጌ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፈው 23 የላቲን ፊደላት ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ረጃጅም ቃላትን እየገነጣጠሉ ማየት ልማዴ ሆኗል፤ ዛሬ የምጽፈውም በዚሁ ልማድ ስኖር ቀስ በቀስ የገባኝን አንድ ነገር ነው። የፖላንድኛ ረጅም ቃል በሁለት ቢላዋ ይቆረጣል። አንደኛው የአፍ ቢላዋ ነው፤ ቃሉን ለመተንፈስ እንዲመች በክፍለ ቃል ይከፋፍለዋል። ሁለተኛው የትርጉም ቢላዋ ነው፤ ቃሉን ከተሠራባቸው ምዕላዶች፣ ማለትም ከሥሩና ከቅጥያዎቹ፣ በብልት በብልቱ ያወጣዋል። ሁለቱ ቢላዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አያርፉም፤ ተማሪን የሚያደናግረውም የቃሉ ርዝመት ሳይሆን ይኸው አለመገናኘታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የአፉ ቢላዋ ሕግ ለመናገር ቀላል ነው። ፖላንድኛ ዘጠኝ የአናባቢ ፊደላት አሉት፤ አንድ ክፍለ ቃል የሚይዘው አንድ አናባቢ ብቻ ስለሆነ፣ አናባቢዎቹን የቆጠረ ክፍለ ቃሎቹን ቆጠረ። የምታታልለው ኢ ብቻ ናት፤ ሌላ አናባቢ ከተከተላት አብዛኛውን ጊዜ አናባቢነቷን ትታ ከእርሷ የሚቀድመውን ተነባቢ ማለስለሻ ምልክት ትሆናለች። ፖላንዳውያን «አይደለም» ለማለት ሦስት የላቲን ፊደላት ደርድረው የሚጽፉት ቃል በእኛ ፊደል አንዲት «ኜ» ብቻ ናት፤ እነርሱ አራት ፊደል የሚፈጁበትንም ድምፅ እኛ «ጄ» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ያ 23 ፊደል የፈጀው የሳንቲም ስም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ በ13 ያልቃል፤ ሲቆረጥም ፕዬኝች-ጄ-ሼኝ-ቾ-ግሮ-ሹፍ-ካ ብሎ ሰባት ክፍለ ቃል ይሆናል። (መጨረሻው በመዝገበ ቃላት «ካ» ነው፤ ሴትዮዋ «ኬ» ያሉት ቃሉ በአረፍተ ነገራቸው ውስጥ ተሳቢ ስለነበረ ነው።) ይህን ባየሁ ጊዜ የእኛ ፊደል ለፖላንድኛ የተሠራ መስሎኝ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ፖላንድኛ ሁለት ዓይነት «ሸ» አለው፤ አንዱ ደንደን ያለ፣ ሌላው ለስለስ ያለ፤ ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። ከተፈተገ እህል የሚሠራው ገንፎም፣ ካታዥና የምትባል ሴት የቁልምጫ ስሟም፣ በእኛ ጽሕፈት ሁለቱም «ካሻ» ናቸው። የባሰው ደግሞ ሳድሱ ነው። ፖላንዳውያን «ኢግሬክ» በሚሏት ፊደል የሚጽፉት አናባቢ በሳድስ ፊደሎቻችን ውስጥ ከምናሰማው አጭር አናባቢ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ነገር ግን ያው ሳድስ ምንም አናባቢ የሌለውን ተነባቢም ይወክላል። «ሦስት» የሚለውን የፖላንድኛ ቁጥር በግእዝ ፊደል ብጽፈው «ትሽ» ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ሲያነበው አናባቢውን ከ«ት» በኋላ አግብቶ በ«ሽ» ይዘጋል፤ ፖላንዳዊው ግን «ት»ን ከ«ሽ» ጋር አጣብቆ አናባቢውን መጨረሻ ላይ ያሰማል። ክፍለ ቃሉ በሁለቱም አፍ አንድ ነው፤ አናባቢው ግን ቤት ቀይሯል።

ይህ የሚሆነው አማርኛ በክፍለ ቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ ሲደራረብበት ስለማይመቸው፣ ሳይጠየቅ ሳድስ አናባቢ በመካከል ስለሚያስገባ ነው። በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ያለችው ግዳኝስክ ለባለቤቶቿ አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ናት፤ በእኔ አፍ ግን ያለ ፈቃዴ ሦስት ትሆን ነበር። በአገሪቱ ምሥራቅ ያለችው ሽቼብዤሽን ደግሞ ምላስ በሚያስተሳስር የልጆች ግጥም ምክንያት ዝነኛ ሆና፣ በግጥሙ ውስጥ ላለው ጥንዚዛ ሐውልት አቁማለች፤ ሽቼ-ብዤ-ሽን ተብላ በሦስት ትቆረጣለች። የጥንዚዛው ስም ራሱ በላቲን ዘጠኝ ፊደላት ይፈጃል፤ በውስጡ ያለው አናባቢ ግን አንድ ስለሆነ ክፍለ ቃሉም አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የክፍለ ቃሎቹ ብዛት አያከራክርም፤ ድንበራቸው ግን ያከራክራል። «እኅት» የሚለው ቃል «ሾስትራ» ነው፤ ሁለት ክፍለ ቃል መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን መስመር አልቆ ቃሉን ሰረዝ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ ሲያስፈልግ፣ ሾ-ስትራ፣ ሾስ-ትራ፣ ሾስት-ራ ተብሎ በሦስቱም መንገድ ቢጻፍ የጽሕፈት ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው የተነባቢዎቹን ክምር የት ላይ እንደሚከፍሉት አንድ ስምምነት ስለሌላቸው፣ ሕጉም በዚህ ነገር ለቀቅ ብሏል። ጠበቅ የሚለው በሁለት ቦታ ነው፤ አንድን ድምፅ በጋራ የሚወክሉ ሁለት ፊደላት አይለያዩም፣ በግልጽ የሚታወቅ ቅድመ ቅጥያም ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ይለያል። ሁለተኛው ሕግ የትርጉሙ ቢላዋ በአፉ ቢላዋ ሥራ ጣልቃ የሚገባበት በር ነው።

በርዕሱ ላይ ያኖርኳቸው ሁለት ቃላት በዚህ በር በኩል የሚመጡ ናቸው። «ፖጄሊች» ማለት ማካፈል ነው፤ «ፖድዤምዬ» ደግሞ ከምድር በታች ያለ ስፍራ፣ በምሳሌያዊ አነጋገርም የኅቡዕ ትግል ነው። በላቲን ሲጻፉ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፊደሎቻቸው አንድ በአንድ ተመሳሳይ ናቸው። ዓይን ብቻውን ሊለያቸው አይችልም፤ የሚለያቸው የቃላቱን ውልደት የሚያውቅ አንባቢ ነው። የመጀመሪያው «ፖ» ከሚለው ቅድመ ቅጥያና መክፈልን ከሚያመለክተው ግሥ የተሠራ ስለሆነ፣ ዴ እና ዜት የተባሉት ፊደላት ተጣምረው አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ ፖ-ጄ-ሊች። ሁለተኛው ግን «ፖድ»፣ ማለትም «በታች»፣ ከሚለው ቅድመ ቅጥያና «ዤምያ»፣ ማለትም «ምድር»፣ ከሚለው ስም የተሠራ ነውና እነዚያው ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ቆመው እንኳ አይተዋወቁም፤ ፖድ-ዤ-ምዬ። እንግዲህ ቃሉን በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ ትርጉሙን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አማርኛ አንባቢዎች ግን በዚህ ልንገረም አይገባም፤ የማይጻፈውን ማጥበቅና ማላላት፣ «አለ»ን ከ«አለ»፣ «ገና»ን ከ«ገና» እየለየን በትርጉም ስናነብ ኖረናልና።

የ«ኤር» እና የ«ዜት» ነገርም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «ዥ» ይሆናሉ፤ በብርድ መቀዝቀዝን በሚያመለክተው «ማርዝኖኝች» ውስጥ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሰማሉ፤ «ዝ» ውርጭ ከሚለው ቃል የመጣች የሥሩ ክፍል ናትና። በዚህ ረገድ ከእርሱ ጋር የሚሰለፈው የጫካው ሰው ታርዛን ነው፤ ማንም «ታዣን» ብሎ አይጠራውም።

አሁን ወደ ትርጉሙ ቢላዋ ልለፍ፤ ልቤም ያለው እዚያ ነው። ለእኔ ከረጃጅሞቹ ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የነበረው «ቤዝቭዝግሌንድን» የሚል መካከለኛ ቃል ነው። አናባቢው ሦስት ብቻ ሲሆን፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አናባቢ መካከል ግን ዝ፣ ቭ፣ ዝ፣ ግ፣ ል የሚሉ አምስት ተነባቢዎች ተኮልኩለዋል። በአፍ ቢላዋ ብጀምረው ምላሴ ተቆረጠ እንጂ ቃሉ አልተቆረጠም። ነገሩ የተፈታው በትርጉም ስገባበት ነው፤ «ቤዝ» ያለ፣ «ቭዝ» ወደ ላይ፣ «ግሌንድ» ማየት፣ ከኋላ ያለችው «ን» ደግሞ ቅጽል ማድረጊያ። «ቭዝግሎንድ» ማለት ለሌላው የሚደረግ አስተያየት፣ ይሉኝታ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ «አስተያየት የለሽ»፣ ጨካኝ፣ በሌላ አገባብም «ፍጹም» ማለት ሆነ። እኛ «የለሽ»ን እና «ቢስ»ን ከኋላ እንቀጥላለን፤ እነርሱ «ቤዝ»ን ከፊት ያስቀድማሉ። ከ«ቤዝ» በኋላ ጥቂት ትንፋሽ መውሰድን ከተማርኩ ወዲህ ቃሉ ምላሴን አስቸግሮኝ አያውቅም።

በየመንገዱና በየመብራት ምሰሶው ተለጥፎ የሚነበበው «አደጋ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ኜ-ቤስ-ፕዬ-ቼኝ-ስትፎ። መሠረቱ «ፕዬቻ» ነው፤ ጥበቃ፣ አሳብ ማለት ነው። «ቤዝ» ሲቀድመው «አሳብ የሌለበት»፣ ማለትም ሰላማዊና አስተማማኝ ይሆናል። በላዩ ደግሞ «ኜ» ሲደረብ «አሳብ የሌለበት ያልሆነ» ማለት ይሆንና፣ የስም ማድረጊያው ቅጥያ ከኋላ ተጨምሮበት አደጋ ይባላል። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አፍርሶ መገንባት እንደማለት ነው፤ እኔ ይህን ቃል በሙሉ ልብ እወደዋለሁ።

«ነጻነት» የሚለውም ቃል በአፈራረስ ይመስለዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1795 ጀምሮ ለ123 ዓመታት በሩሲያ፣ በፕሩሲያና በኦስትሪያ ተከፋፍላ የኖረችው ፖላንድ በ1918 እንደገና መንግሥት ሆነች፤ ኅዳር ወር ውስጥ፣ በእነርሱ ኖቬምበር 11፣ የሚከበረው በዓል «ኜፖድሌግዎሽች» በሚለው ቃል ይጠራል። «ኜ» አይደለም፣ «ፖድ» በታች፣ «ሌግ» መተኛት፣ መጋደም፤ ከሥር ያለመጋደም ማለት ነው። በአፍ ሲቆረጥ ኜ-ፖድ-ሌግ-ዎሽች ተብሎ ይከፈላልና፣ መቁረጫውም ከትርጉሙ ጋር የገጠመ ይመስላል። ግን አይደለም። በላቲኑ «ዎ» ከምትለዋ ድምፅ ውስጥ ተነባቢዋ የቀዳሚው የግሥ ክፍል ንብረት ስትሆን፣ ስም የሚያደርገው ቅጥያ «ኦሽች» ብቻ ነው። ስለዚህ የትርጉሙ ቢላዋ በአንዲቱ «ዎ» ፊደላችን መካከል ያልፋል፤ ይህን ደግሞ በግእዝ ፊደል ማሳየት አይቻልም፣ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ አካል ተሠርተዋልና።

ጥምር ቃላትን በተመለከተ መገጣጠሚያው ባብዛኛው «ኦ» ነው፤ ይህንን ያወቀ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። መኪና «ሳሞኹት» ነው፣ በራሱ ሂያጅ፤ አውሮፕላን «ሳሞሎት» ነው፣ በራሱ በራሪ፤ ፖስተኛ «ሊስቶኖሽ» ነው፣ ደብዳቤ ተሸካሚ። እኔን ራሴን የሚገልጸው ቃል ደግሞ ጹ-ድዞ-ዤ-ምዬጽ ነው፤ የባዕድ ምድር ሰው። ዉች ከ1952 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰዎች ፖላንድኛ የሚያስተምር ማዕከል ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ይህ ቃል በማዕከሉም ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሮች ወደ ጥምር ቃል ሲገቡም ያው «ኦ» ትከተላቸዋለች፤ በሳንቲሙ ስም ውስጥ ሃምሳን ከግሮሽ ያጋጠመችው «ቾ» የእርሷ ልጅ ናት።

«ሳሞኹት» ላይ ግን ጥቂት ልቆይ። ቃሉ ርባታ ሲገባ «ሳሞኾዱ» ይሆናል፤ «ኹ» ወደ «ኾ» ተለወጠ። የከተማዬም ስም እንዲሁ ነው፤ «ዉች» ስትባል የቆየችው «በዉች ከተማ» ለማለት ሲፈለግ «ዎጂ» ትሆናለች። ምክንያቱ ክፍለ ቃል ነው። በጥንቱ ቋንቋ በነዛሪ ተነባቢ፣ ማለትም እንደ «ድ» ጉሮሮን በሚያነዝር ድምፅ፣ በተዘጋ ክፍለ ቃል ውስጥ ያለው አናባቢ ይረዝም ነበር፤ ረጅሙ «ኦ» በዘመናት ወደ «ኡ» አዘነበለ፣ በጽሕፈት ግን በላዩ ጭረት ያለበት ኦ ሆኖ ቀረ። ቅጥያ ሲጨመር ተነባቢው ወደሚቀጥለው ክፍለ ቃል ስለሚሻገር በሩ ይከፈታል፤ በሩ ሲከፈት አሮጌው «ኦ» ይመለሳል። የዛሬ ልጆች በትምህርት ቤት እንደ ፊደል አጻጻፍ ጣጣ የሚሸመድዱት ነገር የቃሉ በር መዘጋትና መከፈት ያስቀረው ምልክት ነው።

የአገሪቱ ይፋዊ ስም ደግሞ የትርጉሙ ቢላዋ የቱን ያህል ስለት እንዳለው ያሳያል። «ዤችፖስፖሊታ» ማለት ከሁለት ቃላት የተጋጠመ፣ «የጋራ ነገር» የሚል ትርጉም ያለው፣ ሪፐብሊክ ከሚለው የላቲን ቃል አካሄድ ጋር የሚመሳሰል ስያሜ ነው። አንድ ቃል ሆኖ ቢጻፍም፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ማዕረግ ሲጻፍ እንደሚታየው አገናዛቢ ሲሆን ከመጨረሻው ብቻ ሳይሆን ከመካከሉም ይረባል፤ ከ«ዤች» በኋላ አንዲት ኢግሬክ ትገባና አምስት የነበረው ክፍለ ቃል ስድስት ይሆናል። በግእዝ ፊደል ስጽፈው «ዤችፖስፖሊቴይ» ነው፤ የገባችዋ አናባቢ ግን በሳድሷ «ች» ውስጥ ተደብቃ አትታይም።

ስለ ረጅም የፖላንድኛ ቃል ተነሥቶ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የቁስጥንጥንያው ቃል ነው፤ እኔ እንደ ሰርከስ ትርኢት ብቆጥረውም አልዘለውም። ኮን-ስታን-ት-ኖ-ፖል ስትባል ከተማዋ አምስት ክፍለ ቃል ናት፤ የፖላንድኛ ድምፅ በተለመደው ሕግ ከመጨረሻው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚበረታ ጉልበቱ «ኖ» ላይ ያርፋል። ነዋሪዋ ኮን-ስታን-ት-ኖ-ፖ-ሊ-ታኝ-ችክ ሲባል ስምንት ይሆናል፤ ጉልበቱም ወደ «ታኝ» ይሻገራል። የዚያ ሰው ሴት ልጅ ስትጠራ ሌላ ቅጥያ ይጨመራል፤ ልጅቱ ትንሽ ናት ብሎ ማቆላመጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ኮን-ስታን-ት-ኖ-ፖ-ሊ-ታኝ-ች-ኮ-ቭያ-ኔች-ካ ላይ ይደርሳል። የላቲኑ ፊደላት 32 ናቸው፤ ክፍለ ቃሎቹ ልክ እንደ ዶሮ ብልት 12። ነዋሪውን የምታመለክተው «ችክ» በአፍ ስትቆረጥ ተሰንጥቃ «ች» ወዲህ «ኮ» ወዲያ መሆኗ፣ ጉልበቱም በእያንዳንዱ ቅጥያ ወደ ፊት እየተራመደ «ኔች» ላይ መቆሙ ነው የሚማርከኝ። ከዚህም የሚበልጡ አሉ፤ «የ999 ብሔረሰቦች» የሚለውን ቅጽል በአገናዛቢ ሁኔታ አንድ አድርጎ መጻፍ ይቻላል፣ 18 ክፍለ ቃልም ይወጣዋል። ግን ቁጥሩን የጨመረ ሁሉ ቃሉን ያስረዝመዋልና በዚያ መፎካከር አያስደንቀኝም።

የጉልበቱ ሕግ ያልኩት አልፎ አልፎ ይጣሳል። «ማቴማትካ» የሚለው ከግሪክ የመጣ ቃል ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ ይበረታል፤ «በሠራን ነበር» የሚለው ግሥ ከመጨረሻው አራተኛው ላይ። ብዙ ሰው ግን በዕለት ንግግሩ ሁለቱንም ወደ ተለመደው ቦታ ይጎትታቸዋል።

ወደ አትክልት ሻጯ ልመለስ። ሴትዮዋ የሳንቲሙን ስም ሲጠሩ ከ«ፕዬኝች» ላይ «ች»ን ውጠዋት ነበር፤ ሃምሳን ሲቆጥር ሁሉም ሰው ይውጣታል፣ ጽሕፈቱ ግን አምስት ከሚለው ቁጥር የመጣች ናትና አይለቃትም። ኋላ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ በነገርኳቸው ጊዜ «ኤ-ትዮፕ-ችክ!» አሉኝ፤ ያቺው የቁስጥንጥንያዋ «ችክ» በእኔም ላይ ተለጠፈች። ሴት ስትሆን «ኤትዮፕካ» ነው የምትባለው። አንድ ቅዳሜ አራት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ሴትዮዋ ከመደርደሪያቸው በላይ አጎንብሰው አይዋትና፣ ምንም ሳያስቡ፣ «ኤ-ትዮ-ፔች-ካ!» አሏት። ማታ ቃሉን መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ብፈልገው አላገኘሁትም።